ለሴት የታዘዘ ተልባ

መርሳ ውስጥ «ሞቀኝ» ብሎ ማማረር ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። ከተማዋ ራሷ ሞቃት ናት። የሚሞቀው ሁሉም ነው፤ አንቺ ማን ሆነሽ ነው ለብቻሽ የሚሞቅሽ? ስለዚህ ያ ነገር ሲጀምረኝ፣ ከደረቴ ተነስቶ በአንገቴ በኩል ጆሮዬ ድረስ የሚወጣው እሳት ማለቴ ነው፣ ለብዙ ጊዜ በአየሩ ላይ እያላከክኩ ቆየሁ። ጥርጣሬ የገባኝ ወልድያ ለቅሶ የሄድን ዕለት ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ ለቀስተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ብቻ ነጠላዬን አውልቄ እያራገብኩ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሐዘኑ የጸናብኝ መስሏቸው ደግፈው ወደ ውጭ አወጡኝ፣ ውሃ አጠጡኝ፣ «አይዞሽ፣ እሱም አረፈ» አሉኝ። ሟቹን በመልክ እንኳ አላውቀውም ነበር።

ነገሩ ስም አለው። ሃምሳን ያለፈች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ የሚጠራው ግን የለም። በእኛ ሰፈር ወር መቁጠር ያቆመች ሴት «ሆዴን ያመኛል» ነው የምትለው። የሰማቻት ደግሞ «እግዜር ይማርሽ» ወይም «አላህ ያሽርሽ» ትላለች፤ ሁለቱም ስለ ሆድ እያወሩ ስለ ሌላው ይግባባሉ። ማረጥ የሚለው ቃል የሚወጣው ሰው ሲሰዳደብ ብቻ ነው። ወንድ ባለበት ከተነሳማ ወንዱም ሴቲቱም ያፍራሉ፣ ወሬውም እዚያው ላይ ይቆማል።

እኔም ሆዴን እያመመኝ በዝምታ እዘልቀው ነበር፤ ታናሽ እህቴ ባትኖር። እህቴ አዲስ አበባ ሆና የተፈጥሮ ጤና ትሸጣለች። ጤና እንዴት ይሸጣል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ በጠርሙስ ነው። ችግሬን በስልክ ሹክ ብላት ረጅም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስልኩ ደግሞ የኔ አይደለም፣ የባሌ የአራጋው ነው። አራጋው መካኒክ ስለሆነ ምንም ነገር በጆሮው ካላዳመጠ አያምንም። በሩን ዘግተን አብረን ሰማነው፤ ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

«እታለም፣ ሆርሞንሽ ተዛብቶ ነው» ትላለች እህቴ። «በተፈጥሯዊ ምግብ ይመጣጠናል። ቡና ተዪ። ስኳር ተዪ። በርበሬ ቀንሺ፤ ጮማና ቅቤ አይንኩሽ። ዓሣ ብዪ፣ አቮካዶ ብዪ፣ ብሮኮሊ ብዪ። አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ከሁሉም በላይ ተልባ። ተልባ የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር አለው። ጠዋት ጠዋት ዮጋ ሥሪ፣ አመሻሽ ላይ በእግርሽ ተናፈሺ። ደግሞ አደራሽን፣ ጭንቀት የሚባል ነገር እንዳይደርስብሽ።»

ይህን በሰማን በጥቂት ቀን ውስጥ መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ ታጣቂዎች ከተማውን ያዙት።

መቼም እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የእህቴን ምክር እንደኔ በታማኝነት የፈጸመ ሰው አገር ላይ አይገኝም። ስኳር ከሱቅ ጠፋ፤ ተውኩ። ቡና ጠፋ፤ ተውኩ። ቅቤና ጮማ የሚባሉት በወሬ ደረጃ ቀሩ። ዓሣውም የውሃ ሽታ ሆነ። ብሮኮሊ እንኳን ከጦርነቱ በፊትም መርሳ ደርሶ አያውቅም፤ በሱ ማንንም አልከስም። ዮጋውንም ሠርተናል፤ ከባድ መሣሪያ በሐራ ከተማ በኩል ሲያጓራ አልጋ ሥር በሆዳችን ተዘርግተን ትንፋሽ መያዝ ዮጋ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አመሻሽ ላይ በእግር መናፈስ ግን ቀረብኝ፤ የሚናፈሱት ጠመንጃ ያላቸው ብቻ ነበሩ። ጭንቀትን በተመለከተ እህቴን የማገኝበት መንገድ ቢኖር ወዴት እንደምመልሰው እጠይቃት ነበር።

የባሰው ነገር ግን አራጋው ሥራ መፍታቱ ነው። መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ መፍቻዎቹንም ታጣቂዎቹ ጭነው ወስደውበታል። ሥራ ፈት መካኒክ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። የበሩን ማጠፊያ ፈትቶ ገጠመ። ወንበሩን ፈትቶ ገጠመ። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ያልተበላሸ ክራሬን መቃኛ ሳይቀር ፈታው፤ እሱን አልገጠመውም። የሚፈታው ነገር ሲያልቅበት ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ራዲያተርሽ ደህና ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ስቀላና ስገረጣ ሲያየኝ ቆይቶ።

«ምኔ?»

«ውሃው ይዞራል። ሞተሩም ደህና ነው። የተበላሸው ቴርሞስታቱ ነው፤ መቼ እንደሚከፍት መቼ እንደሚዘጋ ጠፍቶበታል። እህትሽ የምትለው ሆርሞን እሱ ነው።»

ልሳቅ ወይስ ልቆጣ እያልኩ ሳመነታ እሱ ሊያክመኝ ወሰነ። ጤና ጣቢያው ተዘግቶ ባለሙያዎቹ ተሰደዋል፤ ስለዚህ በከተማው የቀረው ሐኪም እሱ ነው። አኩሪ አተሩን ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ ደንበኛው ከጦርነቱ በፊት የሰጠው ትንሽ ከረጢት ነበረው። ሰሊጥ ጓዳዬ ውስጥ ነበረኝ። ተልባ ለመጠየቅ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ከድጃ እኔው ሄድኩ። እትዬ ከድጃ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግራና ከተማ ገበያ ቅባት እህል የሸጡ ናቸው፤ ከዘረፋ የተረፈችውን ተልባ አልጋቸው ሥር ደብቀው ምንጣፍ አልብሰዋታል።

«ለምንሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሆዴን እያመመኝ ነው፣ እትዬ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አብሽሪ» አሉ፣ በእፍኛቸው እየሰፈሩ። «እኔንም ያኔ ሆዴን አሞኝ ነበር። ወላሂ፣ ስንት ክረምት በር ከፍቼ ነው ያደርኩት። ሰውዬው፣ አላህ ይዘንለትና፣ በብርድ ገደልሽኝ እያለ ከልጆቹ ጋር ይተኛ ነበር።»

ወፍጮ ቤቱ በመብራት እጦት ስለቆመ ሁሉም ነገር በሙቀጫ ሆነ። አራጋው እኔ ልውቀጥ ስለው «መጠኑን ታበላሺዋለሽ» ብሎ ዘነዘናውን ነጠቀኝ። ዕድሜ ልኩን ዘነዘና ነክቶ አያውቅም፤ ወንድ ሲወቅጥ ቢታይ የሰፈሩ መዝናኛ መሆኑን ግን ያውቃል። ስለዚህ በርና መስኮት ዘግቶ፣ የውጪ ሰው ድምፁን ከሰማ ጎማ እየመታ ነው እንድል አስጠንቅቆኝ ይወቅጣል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በተዘጋ ቤት፣ ለኔ ሙቀት መድኃኒት ሲወቀጥ ላቤ እንደ ጉድ ይወርዳል። ይህንን ብነግረው «ታገሺ፣ ሳይሞቅ የሚስተካከል ሞተር የለም» አለኝ።

የወቀጠውን በውሃ በጥብጦ በጆግ ያቀርብልኛል። ሆርሞኔን አመጣጠነው አላመጣጠነው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሆዴን ግን ጠራርጎ አወጣው። ከአንዲት ትንሽ ብርጭቆ ካለፍኩ ቀኑን የማሳልፈው ሽንት ቤት ነው፤ በውሸት ያመመኝ ሆድ በእውነት አመመኝ። ይህንን የሚያውቀው ሆዴ ብቻ ነው፤ አራጋው እንደሆነ አንዲት ጠብታ በምላሱ አላስነካም።

«እስኪ ቅመሰው፣ ጨው በዝቶበታል» እለዋለሁ።

«አብደሻል? የሴት ሆርሞን እኮ ነው» ይለኛል፣ ሪዙን በመዳፉ ሸፍኖ። አንድ ጉንጭ ቢጎነጭ ሪዙ ረግፎ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ደረቱ ላይ ያልታዘዘ ነገር የሚወጣበት ይመስለው ነበር። መኪና ሥር ተኝቶ የነዳጅ ታንከሩ ሲያፈስበት የማይደነግጥ ሰው ተልባ ይፈራል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው አንድ ቀን፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ታጣቂዎቹ ወደ ግቢያችን የገቡት። ግቢያችን ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለው፤ ጥላው ከጎዳናው ይታያል። አለቃቸው ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው። የተቀሩት ልጅ እግር ናቸው፤ አቧራና ረኃብ አንድ መልክ ሰጥቷቸዋል። ጥላው ሥር ተቀመጡና አንዱ «እናቴ፣ የሚበላ» አለኝ።

የሚበላ የለም። ዱቄት የለም፣ ሊጥ የለም። ይህንኑ በምናገርበት አፍታ የልጁ ዓይን ደጃፉ ላይ የተከደነችው ጆግ ላይ አረፈች።

«እሱስ?»

«ተልባ ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«ተልባ ጥሩ ነው» አለ አለቃው።

እንግዲህ ያገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ። የሚጠጣ የሰጠ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፤ ጠላ ቢሆን፣ ውሃም ቢሆን። ካልቀመሰ እንግዳው አፉ አያስነካም፣ ቢያስነካም በልቡ ሌላ ያስባል። እኔ ልቀምስ እጄን ስዘረጋ አራጋው አባወራ መሆኑ ትዝ አለውና ጆጉን ከእጄ ወሰደ። ለወንድ እንግዳ ወንድ ነው የሚቀምሰው ማለቱ ነው። በብርጭቆ ቀዳ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፤ እዚያ ሲደርስ ምን እንደያዘ ትዝ አለው። ከንፈሩ ላይ ሲያስነካው፣ ከዚያ ጉሮሮው ሳይንቀሳቀስ «እህ» ብሎ ሲያጣጥም አየሁት። አፉን በእጅጌው በደንብ ጠረገ። ደግሞም ጠረገ።

እነሱም ጠጡ። ጆጉ አለቀ፤ ሌላ በጠበጥኩ፣ እሱም አለቀ። ቀስ በሉ፣ ይበቃል ብል ሰስታ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። በባዶ ሆድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጥሬ ማንጎ ብቻ በገባበት ሆድ፣ ያን ሁሉ ተልባ ገለበጡትና አመስግነው ሄዱ።

በሩን እንደዘጋን አራጋው ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ። «ጡት ቢያወጡስ? ማን ነው የሚጠየቀው?»

ከተማው ከተያዘ ወዲህ ስስቅ ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነው። ግድግዳ ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አራጋው ግን ከልቡ ነበር።

ፀሐዩ በረድ ሳይል ተመልሰው መጡ። መምጣት የቻሉት ማለቴ ነው፤ የቀሩት ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ተበታትነዋል። የመጡትም ሆዳቸውን ይዘዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አራጋውን ያለ አንድ ቃል ጎትተው ከማንጎው ግንድ ጋር አሰሩት። ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ሽማግሌዎች ሊማልዱ ገቡ፤ የደብራችን ቄስም፣ የመስጊዱ ሼህም መጡ፣ እትዬ ከድጃም ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ።

«ምንድን ነው ያጠጣኸን?» አለ አለቃው። አልጮኸም። ስላልጮኸ ነው የፈራሁት።

«ተልባ ነው» አለ አራጋው።

«ተልባ እናውቃለን። ውስጡ ሌላ ነገር አለ።»

ከልጆቹ አንዱ ጣቱን ቀሰረበት። «እሱ አልዋጠም። ጉሮሮውን ሳየው ነበር፤ አልዋጠም።»

«ለምን አልዋጥክም?»

አራጋው አለቃውን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ቄሱን አየ፣ ሼሁን አየ። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ሊናገር ያለው ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ሊናገር እንደማይችልም ገባኝ። የሚስቱን ጉዳይ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት የሚያወጣ አፍ አልተፈጠረለትም።

«መድኃኒት ስለሆነ ነው» አለ።

«የምን መድኃኒት?»

አሰበ። እኔ በልቤ «የሆድ በል፣ የራስ ምታት በል» እላለሁ።

«የከብት» አለ።

አለቃው «የከብት መድኃኒት ነው ያጠጣኸን?» ብሎ ጠየቀ፣ በደንብ የሰማ መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል። ከልጆቹ አንዱ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያን ጊዜ ባሌን ሁለት ነገር ላደርገው ተመኘሁ። አንደኛ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ማልቀስ አማረኝ፤ እኔን ላለማሳፈር ብሎ ሊሞት ቆርጧልና። ሁለተኛ በገዛ ዘነዘናው አናቱን ማለት አማረኝ፤ በዓለም ላይ ካለው ውሸት ሁሉ መርጦ የከብት አለ።

እሳቱም ጊዜ አይመርጥምና ያኔውኑ ተነሳብኝ። ፊቴ ጋለ፣ ልቤ ዘለለ፣ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«የኔ ነው» አልኩ። «መድኃኒቱ የኔ ነው። የወር አበባዬ ቆሟል። አርጫለሁ። ሙቀት ይነሳብኛል፣ ለሱ ነው የምጠጣው።»

ቄሱ መስቀላቸውን አጥብቀው ይዘው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሼሁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መውጫ በሩን በዓይኑ ፈለገ። አራጋው እንደታሰረ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጥይቱን ይጠብቅ ይሁን ሐፍረቱን አልለየሁም።

አለቃው «ታዲያ ተልባው ምን አገናኘው?» አለኝ።

ስለዚህ አስረዳሁ። በሕይወቴ ሕዝብ ሰብስቤ ንግግር ያደረግኩት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ርዕሱም ሆርሞን ነበር። ተልባ የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር እንዳለው፣ ብዙ ከተጠጣ ሆድ እንደሚያስቀምጥ፣ ባሌም ያልዋጠው ጡት እንዳያበቅል ፈርቶ መሆኑን ተናገርኩ። እዚህ ላይ ጠመንጃ ያቀባበለው ልጅ እጁን ሳያስበው ደረቱ ላይ አደረገ።

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ከድጃ ከኋላ። «ተልባው የኔ ነው፤ ከአልጋዬ ሥር የወጣ። ብትገሉ እኔንም ግደሉ። እኔም ያኔ እንዲያ አድርጎኛል። ሆዴን ነው እል ነበር እንጂ ሆዴን አልነበረም።»

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት «እኔንም ያደርገኛል» አለች። ቀጥላ ሌላዋ። የቄሱ ሚስት ሳይቀሩ ድምፃቸው ተሰማ፤ ቄሱ ቀና ብለው ወደ አጥሩ ያዩበትን አስተያየት አልረሳውም። ለካስ የሰፈሩ ሆድ ሁሉ ጤነኛ ኖሯል።

አለቃው ግን በወሬ የሚመለስ አልሆነም። «በጥብጪ» አለኝ። በጠበጥኩ። ብርጭቆ ልቀዳ ስል በአንድ እጁ ጆጉን ራሱ አንስቶ አራጋው አፍ ላይ፣ በሌላው ጠመንጃውን ግንባሩ ላይ ደገነ። «ይዋጥ።»

ብታምኑም ባታምኑም አራጋው አመነታ። ጠመንጃ ግንባሩ ላይ ተደቅኖ፣ ጆጉን እያየ አመነታ።

«አራጋው፣ ዋጠው» አልኩት።

ዋጠው። እስከ አተላው። ከዚያ ሁላችንም ቆመን ባሌ ይሞት እንደሆነ መጠበቅ ጀመርን። ትንሽ ቆይቶ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ላቡ ወደ አንገቱ ወረደ፤ ፊቱ ቀላ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «ይኸው መርዙ» አለ አንዱ ልጅ። ፍርሃት ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? እኔም ከጎኑ ቆሜ እንደሱው ቀልቻለሁ፣ እንደሱው ላቤ ይወርዳል፣ የጆጉን ክዳን ይዤ ፊቴን አራግባለሁ።

አለቃው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ።

«እናቴ በብርድ በር ከፍታ ትቀመጥ ነበር» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ፊቷ እንዲህ ይቀላል። እኛ ልጆቿ የተቆጣችን ይመስለን ነበር። አባቴ ዛር ነው ብሎ ጠበል ለጠበል አዞራት። እስክትሞት ድረስ ምን እንደሆነች የነገረን የለም።» ሆዱን ያዝ አደረገና «ፍቱት» አለ።

ፈቱት። አለቃው ወደ በሩ እየሄደ መሐል ላይ ቆም አለና ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት።

ሁሉም ሲሄድ አራጋው ከማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። አጠገቡ ተቀመጥኩና በጆጉ ክዳን አራገብኩለት።

«ውስጤ ነደደ» አለኝ። «ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ደግሞ ድንገት በረደኝ።»

«አዎ» አልኩት።

ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ወደኔ ዞሮ አየኝ። እንዲያ አድርጎ ሲያየኝ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

«አንቺን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርግሽ?»

«ሁልጊዜ» አልኩት። «አንተ ግን ጠመንጃ አስፈልጎሃል።»